ከቆሮሶ ጋር ማን ይኑር?

ለጎረቤት ቀበሌ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር



«የዓሣ ኩሬ ልንቆፍር አስበናል። እናንተ ቀድማችሁ ስለ ጀመራችሁ ያያችሁትን ንገሩን» ብላችሁ ጠርታችሁናል። እኛ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው ሜዳ ዳር የምንኖር 11 ቤተሰቦች ነን። ዓሣ ማርባት ከአባቶቻችን የወረስነው ሥራ አይደለም። አባቶቻችን የሚያውቁት በሬና ማረሻ ነው። ስለዚህ የምንነግራችሁ ተሳስተን የተማርነውን ነው። ሁለት ጊዜ ከስረን በሦስተኛው ነው የቀናን።

ስለ ቁፋሮው ብዙ አንናገርም። አፈሩ ውሃ የሚይዝ ሸክላ ይሁን፣ ኩሬው ሲፈለግ ፈስሶ የሚደርቅ ይሁን፣ ይህ ይበቃል። የእኛ ኩሬ ወርዱ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር ነው። ውሃው በመግቢያው በኩል ከጉልበት ትንሽ ያልፋል፣ በመውጫው በኩል ደረት ይደርሳል።

ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ስለ አንድ ነገር ነው። በኩሬው ውስጥ ማን ከማን ጋር ይኑር? በሬ ስታቀናጁ ወጊውን በሬ ከደካማው ጋር አታስሩም። በጉን ከጅብ ጋር አታሳድሩም። ዓሣ ግን ከውሃ በታች ነውና ዐመሉ አይታይም። እኛም «ዓሣ ዓሣ ነው» ብለን ነበር የጀመርነው።

ቆሮሶን ታውቁታላችሁ። አንዳንዱ ቀረሶ ይለዋል። በከተማ ገበያ ቲላፒያ ሲሉ የምትሰሙትም እሱኑ ነው። ጠፍጠፍ ያለ፣ ቅርፊታም፣ በጀርባው ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ እሾህ የተደረደረበት ዓሣ ነው። ሥጋው ይጣፍጣል። ቀለቡም አያስቸግርም። ኩሬው ፍግ ተጨምሮበት ውሃው አረንጓዴ ከሆነ፣ ምግቡን በብዛት ከውሃው ያገኛል። በዚያ ላይ ፍሩሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና የጠላ አተላ ጣል ጣል ቢያደርጉለት ደስ ይለዋል።

ታዲያ ይህ ዓሣ ሁለት ዐመል አለው። አንዱ ጠበኛ ነው። ሌላው መራባት ያበዛል። ሁለቱም ዐመሎች ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስ በኩሬው ወለል ላይ እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ ጉድጓድ በአፉ ይቆፍራል። ይህ ጎጆው ነው። ወደ ጎጆው የሚጠጋውን ሌላ ወንድ ያባርራል። አልሸሽም ካለም አፍ ለአፍ ተናክሰው ይታገላሉ። ሴቷ መጥታ በጎጆው ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ከጣለች በኋላ ግን እዚያ አትተወውም። በአፏ ለቅማ ትይዘዋለች። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ልጆቹ መዋኘት እስኪችሉ ድረስ፣ ሁለት ሳምንት ያህል፣ በአፏ ይዛ ትዞራለች። በዚህ ጊዜ አትበላም። ካልበላች ደግሞ አታድግም።

ይህን ሁሉ ዛሬ እንናገረዋለን እንጂ፣ በ2008 ዓ.ም. ኩሬውን ስንሞላ ከእኛ መካከል አንድም ሰው አያውቀውም ነበር።

በዚያ ዓመት 400 የቆሮሶ ጫጩት ጨመርን። ሌላ ዓሣ አልጨመርንም። እያንዳንዳችን ገንዘብ አዋጥተናል። ፍግ በየሳምንቱ ተሸክመናል። ሴቶቹ አተላውን ከከብቶቹ ቀንሰው ለዓሣው ሰጥተዋል። ዘጠኝ ወር ጠብቀን፣ የዐቢይ ጾም ሲቃረብና ገበያው ሲደራ፣ ኩሬውን አፈሰስነው። ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ወለሉ ተንቀሳቀሰ። ዓሣው ተትረፈረፈ፣ እልል አልን። ቆይተን ቅርጫቱን ስናነሣ ግን አብዛኛው ከጣት የማይበልጥ ነው። ስንት ሺህ እንደ ነበር አልቆጠርነውም። ለሰው የሚቀርበው ትልቅ ዓሣ ከሁለት ቅርጫት አልሞላም። ነጋዴው መጥቶ አየና «ይህን ለድመት ስጡት» ብሎን ሄደ። አፉን አልቆጠበም።

ከእኛ መካከል አንዲት እናት ናቸው ነገሩን ያገኙት። ከማፍሰሳችን አስቀድመው፣ አተላ ሲበትኑ፣ አፏ ያበጠ ዓሣ በዳር አይተው በእንቅብ ቀድተው አወጧት። ሲያገላብጧት እንደ ማሽላ ፍሬ ያለ ቢጫ ነገር ከአፏ ዘረገፈች። እሳቸው በሽታ መስሏቸው ለማንም አልተናገሩም ነበር። ያን ቀን ጣት የሚያህለውን ዓሣ ሲያዩ «ያ እንቁላል ነበር!» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ገና ትንሽ ሳለ፣ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜው፣ መውለድ ይጀምራል። ውሃው ሞቅ ካለ በየወር ወይም በየወር ተኩሉ ይደግማል። ልጆቹ የልጅ ልጅ ያመጣሉ። የኩሬው ምግብ ግን ያው ነው። ለ400 አፍ የታሰበው ምግብ ለብዙ ሺህ አፍ ይካፈላል። በሚዛን ቢያዩት የዓሣው ክብደት አልጠፋም። ሁሉም አጥንትና ቅርፊት ሆኖ ቀረ እንጂ።

ከዚያ ኩሬ የተረፉትን ጥቂት ትልልቅ ዓሦች ለዘር ብለን በበርሜል አስቀመጥናቸው። ሌላ ትምህርት ያገኘነው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ወንዶች ብቻቸውን በአንድ በርሜል አሳደርናቸው። በማግስቱ አንዱ ክንፉ ተበጣጥሶ፣ ቅርፊቱ ተገፍፎ፣ መልኩ ጠቁሮ በርሜሉ ጥግ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ወደ ማታ ሞተ። በሌላው በርሜል ውስጥ ደግሞ ወደ 20 የሚሆኑ ነበሩ። እነሱ ተጣበቡ እንጂ አንዱም አልተገደለም። ይህ ግራ አጋባን። ብዙ ሆነው ሰላም፣ ሁለት ሆነው ጠብ?

መልሱን ያመጣልን በአዲስ አበባ በሆቴል የሚሠራው ልጃችን ነው። ለበዓል ሲመጣ እንዲህ ብሎ አወራን። በሆቴሉ መግቢያ ላይ ትልቅ የመስተዋት ሣጥን አለ። ውሃ ተሞልቶ ሰማያዊና ቢጫ ዓሦች ይዋኙበታል። እንግዳ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል። ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ የመጣ ነው። የቆሮሶ ዘመዶች ናቸው። በማላዊ ሐይቅ ውስጥ የዚህ ወገን ዓሦች በመቶ የሚቆጠር ዓይነት አላቸው፣ ብዙዎቹም ጠበኞች ናቸው። ሣጥኑን የሚጠብቀው ባለሙያ ለልጃችን እንደ ነገረው፣ ሁለት ብቻ አይደረጉም። ሁለት ከሆኑ ጉልበተኛው ቀኑን ሙሉ ደካማውን ሲያሳድድ ውሎ ይገድለዋል። በዛ ካሉ ግን ቁጣው ለብዙ ይከፋፈላል፣ አንዱ ብቻ አይመታም። መጠናቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። መሸሸጊያ ድንጋይም ይደረደርላቸዋል። አዲስ ዓሣ ሲገባም ድንጋዩ ቦታው ይለወጣል፣ ቀድሞ የነበረው «ይህ የእኔ ነው» የሚለው ወሰን እንዲጠፋው።

ዓሣ ለመብላት እንጂ ለማየት መመገቡ ለእኛ ገርሞናል። ቢሆንም ምክሩ ጠቀመን። ከዚያ ወዲህ ቆሮሶን በጠባብ ዕቃ ለብቻ ሁለት አድርገን አናሳድርም። ወደ ኩሬ ስንጨምርም ትልቁን ከትንሹ አንቀላቅልም። ኩሬው ሰፊ ስለሆነ የተመታው የሚሸሽበት ያገኛል። በኩሬ ውስጥ ለእኛ የከፋው ጠቡ አልነበረም፣ መራባቱ ነው።

ልጃችን ሌላም ነገር ተናገረ። በዚያ መስተዋት ሣጥን ውስጥ ከጠበኞቹ ጋር ጢም ያለው ዓሣ አብሮ ይኖራል። ቀን ከድንጋይ ሥር ይተኛል፣ ማታ ይወጣል። እነሱ የሚጣሉበትን ቦታ አይፈልግም። በክንፉ ላይ ጠንካራ እሾህ ስላለው አይደፍሩትም። ይህን ሲነግረን ሁላችንም ባንድ ላይ «አምባዛ!» አልን። አምባዛ አልነበረም፣ ዘመዱ ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ መጣልን።

ቆሮሶ ቀን ይበላል፣ አምባዛ ይበልጡን ማታ። ቆሮሶ አረንጓዴውን ውሃ ያጣራል፣ አምባዛ ከወለሉ ያገኘውን ይበላል። ትሉን፣ እንቁራሪቱን፣ የቆሮሶንም ልጆች። አምባዛ እንደ ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ዝም ብሎ አይራባም። በክረምት ወንዝ ሲሞላ ጎርፍ ወደ ተኛበት ሜዳ ወጥቶ ነው የሚራባው። ውሃው ቢደፈርስና አየር ቢያጥረው እንኳ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ከነፋሱ ይተነፍሳል። ለኩሬያችን ዘብ የሚሆን አገኘን አልን።

በ2010 ዓ.ም. እንደገና 400 የቆሮሶ ጫጩት ጨመርን፣ ሁለት ጣት የሚያህሉ። በዚያው ሳምንት አንድ ዓሣ አጥማጅ 30 አምባዛ በእርጥብ ጆንያ አመጣልን። አብዛኞቹ ክንድ ያህላሉ። «ትልቅ ዘብ ጥሩ ዘብ ነው» ብለን ደስ አለን።

ኩሬውን ስናፈስ ቆሮሶው 23 ነበር። አምባዛዎቹ ግን ሆዳቸው ተነፍቶ እንደ ግንድ ተጋድመዋል። እርስ በርሳቸውም ተበላልተዋል፣ 30 የነበሩት 19 ሆነዋል። ከእኛ አንዱ ከኩሬው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ «ለጅብ ቀለብ ስንሰፍር ከረምን» አለ። ሁለት ቤተሰቦች በዚያ ቀን «ከእንግዲህ በቃን» ብለው ወጥተው ነበር። አልፈረድንባቸውም። የአንደኛቸው ልጅ የደብተር መግዣ እንኳ በዚያ ኩሬ ገብቶ ነበር የቀረው።

ስሕተታችን አምባዛን መምረጣችን አልነበረም። መጠኑን አለማየታችን ነው። ይህን ልብ በሉልን፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ዓሣ የሚበላውን የሚወስነው አፉ ነው። በአፉ የሚገባለትን ይውጣል፣ የማይገባለትን ይተዋል። ስለዚህ የምታስገቡት አምባዛ፣ የምታስገቡትን ቆሮሶ መዋጥ የማይችል፣ ቆሮሶው የሚወልዳቸውን ልጆች ግን መዋጥ የሚችል መሆን አለበት። ቆሮሶ ሰውነቱ ሰፊ፣ ጀርባው እሾሃም ነው። አምባዛው በርዝመት ከእሱ የማይበልጥ ከሆነ ሊውጠው አይችልም።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቆሮሶውን ብቻ እናስገባለን። አንድ ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር እንጠብቃለን። በዚያን ጊዜ ቆሮሶው ከእጅ መዳፍ ሊስተካከል ይቃረባል። ከዚያ በኋላ አምባዛውን እንጨምራለን፣ አንድ መዳፍ የሚያህል፣ ከቆሮሶው የማይበልጥ። አምባዛዎቹም እርስ በርሳቸው እኩያ ይሁኑ። ትልቅ ከትንሽ ከተቀላቀለ ትልቁ ትንሹን ይበላዋል። ቁጥሩን ለ10 ቆሮሶ 1 አምባዛ አድርገናል። ለ400 ማለት 40 ነው።

ይህን ለማድረግ ስንስማማ ግን ሌላ ክርክር ተነሣ። ይህኛው ከመጠኑ ይልቅ ከባድ ነበር።

ከመካከላችን የሚከበሩ አንድ አባት አሉ። እሳቸው «አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አልበላም፣ አባቴም አልበላም። እኔ ፍግ የተሸከምኩበት ኩሬ ውስጥ አይገባም» አሉ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች በእናንተም ቀበሌ እንደሚኖሩ እናውቃለን። ወጣቶቹ «ታዲያ ኩሬውን ጣት ለሚያህል ዓሣ እንተወው?» አሉ። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። በዚያ ቀን ሳንስማማ ተለያየን። እንደ ሁለቱ ቤተሰቦች እሳቸውም ይወጣሉ ብለን ፈራን።

በሳምንቱ እሳቸው ራሳቸው ጠሩን። ቡና አስፈልተው ነበር። «ውሻዬን አልበላውም፣ ግን በጎቼን ይጠብቅልኛል። አምባዛውም ይጠብቅ። ነገር ግን ሥጋው ወደ ቤቴ አይገባም፣ ገንዘቡም አይገባም» አሉ። እኛም በዚህ ተስማማን። አምባዛው ይሸጣል፣ የእሳቸው ድርሻ በቆሮሶ ይታሰባል። አንድ ወጣት «ቆሮሶው ግን አምባዛው በኖረበት ውሃ ነው የኖረው» ብሎ ሊከራከራቸው ሲል ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ጥሩ አደረገች። እናንተም ዓሣውን ከመጨመራችሁ በፊት ይህን ተነጋገሩበት። ኩሬው ከተሞላ በኋላ የሚነሣ ጠብ ከባድ ነው። የወጡት ሁለቱ ቤተሰቦችም ስምምነቱን ሲሰሙ ተመለሱ።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ቆሮሶውን፣ በኅዳር አምባዛውን አስገባን። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ቆሮሶው ምግብ ቀነሰ። ይህ የታወቀ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ መብላት ይተዋል፣ ከዚያም ከበረታበት ይሞታል። በግንቦት ኩሬውን አፈሰስን። 340 ቆሮሶ ወጣ። አምስቱ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። አምባዛ 31 ወጣ፣ የቀሩት 9 ምን እንደ ሆኑ ወደ ኋላ እንነግራችኋለን። ጣት የሚያህል ዓሣ ፈልገን ያገኘነው ለሚቀጥለው ዘር የሚሆን ብቻ ነበር። ያ «ለድመት ስጡት» ያለን ነጋዴ መጥቶ ሁሉንም በአንድ ቀን ወሰደ። ዋጋ ግን ጨመርንበት።

ስለ 9ኙ። አምባዛ ዝናብ በጣለበት ሌሊት ከውሃ ወጥቶ በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ይሄዳል። በሚያዝያ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ እረኞቹ ሁለቱን ከኩሬው ሃያ እርምጃ ርቀው አገኟቸው፣ ሰባቱ አልተገኙም። ከዚያ ወዲህ ጠርዙን ከፍ አድርገን ዙሪያውን በሸምበቆ አጥረናል። ስትይዙትም ተጠንቀቁ። ከስንጥቡ በስተኋላ ባሉት ክንፎቹ ላይ ጠንካራ እሾህ አለ፣ እጅ ይበሳል።

«ሌላ ጓደኛ የሚሆን ዓሣ የለም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኛም ጠይቀን ነበር።

ካርፕ የሚባል ከውጭ የመጣ ዓሣ አለ። ከቆሮሶ ጋር አይጣላም፣ ብርድም ይችላል። ለደጋ ሰው ከቆሮሶ ይልቅ እሱ ሊሻል ይችላል። ነገር ግን የኩሬውን ወለል በአፉ እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ውሃው ከደፈረሰ አረንጓዴው ይጠፋል፣ የቆሮሶው ምግብ አረንጓዴው ነው። የቆሮሶንም ልጆች እንደ አምባዛ አያሳድድም። እኛ ተውነው።

በዝዋይ ሐይቅ የሚገኝ ሆዱ ቀላ ያለ የቆሮሶ ዘመድም አለ። ይህ እንቁላሉን በአፉ አይዝም። ወለል ላይ ይጥልና ባልና ሚስት ሆነው ይጠብቁታል። ቁጡ ነው፣ ቶሎም አይተልቅም። ጫጩት ስትገዙ ተቀላቅሎ እንዳይመጣ እያያችሁ ልቀሙት።

ናይል ፐርች የሚባለው ትልቁ አዳኝ በጫሞና በአባያ ሐይቆች፣ በባሮም ወንዝ አለ። ወደ ጣና አልወጣም፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አግዶታል። እሱን እንኳን ወደ ኩሬያችሁ፣ ወደ ሠፈራችሁም አታምጡት። በ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በምሥራቅ አፍሪካ ባለው በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ይህን ዓሣ ጨመሩት። በሐይቁ ውስጥ የቆሮሶ ዘመድ የሆኑ ትናንሽ ዓሦች በመቶ የሚቆጠር ዓይነት ነበሩ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ። ከ1980 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ናይል ፐርቹ በዝቶ ብዙዎቹን ዓይነቶች አጠፋቸው። ሐይቁም ሌላ ችግር ነበረበት፣ ውሃው ቆሽሾ ነበር። ይሁንና የገባው እንግዳ ዓሣ ዋነኛው ጥፋት ነው። በጣናም እንዲሁ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዓሦች አሉን። ስለዚህ ከኩሬያችሁ ወደ ወንዝ በሚወስደው ቱቦ ላይ ወንፊት አድርጉበት። ከሩቅ የመጣ ዓሣ ከሆነ ደግሞ ጭራሹን አታስገቡት።

አምባዛን ፈጽሞ ለማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ወንድ ወንዱን ለይቶ ብቻውን ማስገባት ነው። ወንድ ብቻ ከሆነ አይወልድም፣ እድገቱም ከሴቷ ይፈጥናል። ዓሣው ሦስት ጣት ያህል ሲሆን በእጃችሁ ገልብጣችሁ ከሆዱ በታች ወደ ጅራቱ በኩል እዩ። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። ይህ ዓይን ይጠይቃል። እኛ ስንሞክር ከመቶው አሥሩን ተሳስተናል። ከ400 መካከል ጥቂት ሴቶች ከገቡ ኩሬው መሙላቱ አይቀርም። ልጆች ከእኛ ይሻላሉ፣ ዓይናቸው ንጹሕ ነው። ወንድ ብቻ ስታደርጉ ጠቡ ይበዛል ብላችሁ አትፍሩ። 400 ሆነው ሰፊ ቦታ ካላቸው አይገዳደሉም።

ፍጉ እንዳይበዛ የምንለካው በክንድ ነው። እጃችሁን እስከ ክርን ውሃ ውስጥ አስገቡ። ጣቶቻችሁ ከታዩ ፍግ ጨምሩ። ካልታዩ ለጥቂት ቀናት ተዉት። ጠዋት ጠዋት ቆሮሶዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ካያችሁ አየር አጥሯቸዋልና አዲስ ውሃ ልቀቁ። አምባዛው ብቅ ቢል ግን አትደንግጡ፣ ልማዱ ነው።

በሚቀጥለው ወር ከኩሬያችን የምናወጣው የቆሮሶ ጫጩት አለ። ስንት እንደምትፈልጉ በእናንተው እጅ ጽፋችሁ ላኩልን፣ ወርዱንና ርዝመቱን በሜትር፣ የጫጩቱን ቁጥር ከሥሩ። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት አድርጋችሁ አስሉት። አምባዛውን በዚያው ቀን አንሰጣችሁም። ከሁለት ወር በኋላ ለመውሰድ ትመለሳላችሁ። ያን ጊዜ ከኩሬያችሁ አንድ ቆሮሶ በባልዲ ይዛችሁ ኑ። አምባዛውን በእሱ ለክተን እንመርጥላችኋለን።